በፒክአፕ የመጣው መፋቂያ

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መስቃን ውስጥ በአንድ የእንሰት ማሳ መሀል ቆሜ፣ ወረቀት ሳልይዝ ሰው ፊት የመጀመሪያ ንግግሬን አደረግሁ። ንግግሩ አራት ቃል ነበር፦ «ዩኒቨርሲቲው አዲስ መፋቂያ ሠራላችሁ።»

ፊት ለፊቴ እንሰት ሊፍቁ ከተቀመጡት ሴቶች መሀል አንዲት አዛውንት፣ ደቦውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፣ መጀመሪያ እኔን አዩኝ። ቀጥለው ከጀርባዬ በሸራ ተሸፍኖ የቆመውን ጥጃ የሚያክል ነገር አዩ። ከዚያ ረጋ ብለው ጠየቁ።

«የማን ጥርስ ነው እንዲህ የሚያክለው?»

ነገሩ እስኪገባኝ ድረስ ሳቁ ማሳውን ሞልቶት ነበር።

በአማርኛ እንሰት ይፋቃል። የሚፋቅበትን ዕቃ መፋቂያ ብለው ሰዋስው አይከሰኝም። ደግሞም ቃሉን የመረጥኩት በደንብ አስቤበት ነው። ፕሮጀክታችን ወረቀት ላይ «የተሻሻለ የእንሰት ማቀነባበሪያ ቴክኖሎጂ» ይባላል። ይህን ለእናቶች አፌን ሞልቼ እንዴት እላለሁ ብዬ ከወልቂጤ ተነስተን አታትን አልፈን፣ ተራራውን ተሻግረን ቡታጅራ እስክንገባ ድረስ ቀለል ያለ ቃል ስፈልግ መጣሁ። አገኘሁም። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር እነዚህ ሴቶች እንሰት የሚፍቁት በራሳቸው ቋንቋ መሆኑን ነው። አማርኛ ለእነሱ በአብዛኛው የቡታጅራ ገበያ ቋንቋ ነው። ቡታጅራ ገበያ ላይ ደግሞ መፋቂያ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መናኸሪያው በር ላይ እየታሰረ የሚሸጠው የጥርስ እንጨት። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ የሚያህል ነገር የጥርስ እንጨት በፒክአፕ ጭኖ መጣ ማለት ነው። ያውም ወንዶች ተጋግዘው፣ እየቃተቱ ያወረዱት እንጨት።

«ወላሂ፣ ቀድመው ቢነግሩን አፋችንን ተጉመጥምጠን እንጠብቃቸው ነበር» አለች አንዷ።

«ተዋት፣ ልጅቷ ለእኔ ብላ ነው የመጣችው» አለች ከኋላ ሌላዋ፣ ፊት ለፊት የጎደለውን ጥርሷን እያሳየች።

እኔ ስስቅ እንኳ አፌን በነጠላዬ የምሸፍን ሰው ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ወልቂጤ ነው፤ አባቴ ከሰሜን ለመምህርነት መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። የምግብ ሳይንስ ተምሬ ስጨርስ ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ውስጥ ረዳት ተመራማሪ ሆኜ ቀረሁ። ላብራቶሪ እወዳለሁ። ናሙና ቀና ብሎ አያይሽም፣ መልስም ካንቺ አይጠብቅም። መስቃን ድረስ ያመጣኝ ሙያዬ ሳይሆን ሴትነቴ ነው። እንሰት የሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይገባም። ሴቶቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ጣውላውን አስደግፈው፣ አንድ እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው በተረከዛቸው እንሰቱን ይዘው ነው የሚፍቁት፤ ይህን ወንድ ቆሞ አያየውም። የፕሮጀክታችን ሰዎች ደግሞ ከዳይሬክተሩ እስከ ሾፌሩ ወንዶች ናቸው። ማሽኑን የሠሩት ሴቶቹ በቃል የነገሯቸውን ሰምተው ነበር። የመሞከሪያው ቀን ሲደርስ ግን አንዳቸውም ማሳው ውስጥ መግባት እንደማይችሉ ትዝ አላቸው። «ሴት የለችንም እንዴ?» ተባለ። ነበረች።

ዳይሬክተሩ ጠዋት በስልክ የነገረን ነገር ግልጽ ነበር። ሴቶቹ በራሳቸው አፍ «እንፈልገዋለን» ካሉ ማሽኑ እዚያው ይቀራል። ካላሉ ተጭኖ በማግስቱ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል፤ የሚጠብቁ ሞልተዋል።

ይህ ለእኔ የሥራ ጉዳይ ነበር። ከማሳው ጠርዝ ላይ ብቻዋን ለተቀመጠችው ሴት ግን ሌላ ነበር። ከእኔ ጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። ከጋሪ ላይ ወድቃ ዳሌዋን ከተጎዳች ወዲህ እግሯ ወደ ጣውላው አይነሳላትም። ደቦ ደግሞ የእኔን ፋቂልኝ፣ ያንቺን ልፋቅልሽ ነው። ሌሎቹ «ግድ የለም፣ እኛ እንፍቅልሻለን» ሲሏት «ያልሰጠሁትን አልቀበልም» ብላ በራሷ ፈቃድ ወጣች። ጓሮዋ ያለው እንሰት ደርሶ፣ ሊያብብ ምንም አልቀረውም። ካበበ ደግሞ ያጠራቀመውን ሁሉ ለአበባው ይሰጠዋል፤ ያን ሁሉ ዓመት የተጠበቀው ቆጮ ቀረ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በጆሮዬ የነገሩኝ አዛውንቷ ናቸው። «ዛሬ ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት ትላለች» አሉኝ፣ «ግን እያት፣ ዱካዋን ይዛ ነው የመጣችው።»

እውነትም ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ነበር የተቀመጠችው።

ማሽኑን የሠራው ቴክኒሺያን ከቁጥቋጦው አጥር ውጭ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ሳቁን ሲሰማ ተጨነቀ።

«ምንድነው? ተገለበጠ እንዴ?»

«አልተገለበጠም» አልኩ። ድምፄ ከላብራቶሪ ጠረጴዛ አልፎ አያውቅም። አጥሩ ጋ አልደረሰም።

«ድምፅሽን ወልቂጤ ረስተሽው ነው የመጣሽው?» አሉ አዛውንቷ። «ለእኔ ንገሪኝ፣ እኔ አደርስልሻለሁ።»

ሸራውን ገለጥኩት። በእጀታ የሚዞር ሲሊንደር ነው፤ ዙሪያውን ደነዝ ያሉ የብረት ጥርሶች አሉት። አዛውንቷ ጎንበስ ብለው አዩና ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ሐሜት አይሁንብኝ፣ ጥርሱንም ይዞ ነው የመጣው» አሉ።

የሴቶቹ ሳቅ እንደገና ተነሳ።

«በግራ በኩል ያለውን ብሎን እዪው» አለ ቴክኒሺያኑ ከውጭ።

ነካ አደረግሁት። «ላልቷል» አልኳቸው ለአዛውንቷ።

እሳቸው አንገታቸውን ወደ አጥሩ አስግገው፣ «ልጅቷ ላልታለች» አሉ።

«ማን? ራሷ?» አለ ቴክኒሺያኑ።

«ራሷ። ሳታጠብቁ ነው የላካችኋት።»

አንዷ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ መሬት ላይ ተንከባለለች። ከዚያ በኋላ ከእኔ አፍ የወጣ ነገር ሁሉ እንዲሁ ተጠማዞ ነው አጥሩን የሚያልፈው። ማሽኑ ዘይት ይጨመርበት እንደሆነ ብጠይቅ «ልጅቷ ወዝ አነሳት» ተባለ። ቴክኒሺያኑም ነገሩ ሲገባው መመለስ ጀመረ፤ «ቅቤ ቀቧት» አለ። እኔ ብሎኑን ለማጥበቅ እሞክራለሁ፤ ሳቄ ያመልጠኛል፤ የብሎን ቁልፉም ከእጄ ይወድቃል። አንስቼ እንደገና ስሞክር እንደገና ይወድቃል። የማላውቃቸው ሰዎች መሀል እንዲህ ስሆን የመጀመሪያዬ ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ እንኳ በሳቅ ምክንያት ከክፍል ተባርሬ አላውቅም።

በመጨረሻ ተጀመረ። የዳሌ ታማሚዋ ታናሽ እህት ከግንዱ የተገነጠለውን እንሰት ለማሽኑ ታጎርሳለች፣ እኔ እጀታውን አዞራለሁ። ግርርር አለ። ከሥር በተነጠፈው የእንሰት ቅጠል ላይ ነጭ ነጩ መውረድ ጀመረ። ሳቁ ቆመ። አንገቶች ሰገጉ። ከማሳው ጠርዝ ዱካ ላይ ያለችውም ግማሽ ድረስ ብድግ አለች።

ከዚያ እጀታው እጄ ላይ ደረቀ። ብጎትተው እምቢ አለ። ቃጫው ሲሊንደሩ ላይ እንደ ክር ጥቅል ተጠምጥሞበታል።

ቀና ስል ዓይኔ የሄደው ዱካ ላይ ወዳለችው ሴት ነው። ተመልሳ ተቀምጣ እግሯን እያየች ነበር።

«ለምን ቆመ?» አለ ቴክኒሺያኑ።

አዛውንቷን ፈለግሁ። የዙሁር ሶላት ሰዓት ስለደረሰ ለውዱእ እጅ እግራቸውን ሊታጠቡ ሄደዋል። የሚያደርስልኝ የለም። «ተጠመጠመበት» አልኩ። «አልሰማሁም» አለ። ደገምኩት። «እንደገና በይው፣ አልሰማሁም።» ሴቶቹ ያዩኛል። ሾፌሩ ሞተሩን ለማሞቅ ይሁን ለሌላ፣ ፒክአፑን አስነሳው። ያን ድምፅ ስሰማ፣ ወስደውት ሊሄዱ ነው ብዬ አሰብኩ መሰለኝ፤ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከጉሮሮዬ ወጣ።

«ቃጫው ተጠመጠመበት! ወደ ኋላ ላዙረው ወይስ ወደ ፊት?»

ከማዶ ያለ አህያ መለሰልኝ። እንሰቱ ላይ የነበሩ ወፎች በአንድ ላይ ተነሱ። አዛውንቷ ከክርናቸው ውኃ እየተንጠባጠበ እየሮጡ መጡ።

«ማን ሞተ?»

ቴክኒሺያኑ ደንግጦ ነው መሰለኝ የሆነ ነገር በለሆሳስ አለ።

«አልሰማንም» አሉት ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ።

«ወደ ኋላ» አለ።

ወደ ኋላ አዞርኩት። መጀመሪያ አንገራገረ፣ ከዚያ ቃጫው ተፈታና ያፈነው ነጭ ነገር ሁሉ ተወርውሮ መጣ። ግንባሬ ላይ፣ ነጠላዬ ላይ ተለጠፈ። አፌን ከፍቼ እየሳቅሁ ስለነበር ጥርሴ ላይም ደረሰ።

«አላልኳችሁም?» አሉ አዛውንቷ። «መፋቂያ ነው።»

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ነጠላዬ የት እንዳለ አላውቅም፣ አፌን የምሸፍንበትም ነገር አልነበረኝም፣ አልፈለግሁምም። ሴቶቹ አንዷ በአንዷ ትከሻ ላይ ተደግፈው እንባቸውን ይጠርጋሉ። አንዷ ዝም ልትል ስትል ሌላዋ «ወዝ አነሳት» ትላለች፤ እንደገና እንጀምራለን።

አጠገቤ ዱካ ሲቀመጥ ሰማሁ። መምጣቷን አላየሁም ነበር። ከእጀታው ፊት ለፊት ቁጭ አለች፣ የታመመ እግሯን እንደሚመቸው አድርጋ ዘረጋችው፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ፈቀቅ በይ እስቲ፣ ዩኒቨርሲቲ» አለችኝ።

ፈቀቅ አልኩ። እህቷ አጎረሰች፣ እሷ አዞረች። የእሷ አዟዟር እንደኔ አልነበረም፤ ረጅምና እኩል ነው፣ ትከሻዋ ለዓመት የናፈቀው ይመስላል። ቃጫው ሊጠመጠም ሲል ወደ ኋላ መለስ ታደርገዋለች፣ ይፈታል፣ ትቀጥላለች። ቅጠሉ ሞላ። ሌላ ተነጠፈ። እህቷ «እረፊ እንጂ» ብትላት፣ «ያረፍኩት ይበቃኛል» አለች።

ከሶላት በኋላ ክርክር ተነሳ። «እኔ በእጄ ይሻለኛል፣ ይሄ ያገሳል» አለች አንዷ። ሌላዋ የእሷን እጅ የሚያህል ማሽን እንዳልተሠራ ተናገረች። ልቤ ወረደ። አዛውንቷ አዳመጡ፣ አዳመጡና፣ «እናንተ በእጃችሁ ፋቁ፣ ማን ከለከላችሁ?» አሉ። «የእሷን ድርሻ ይሄ ይፋቅ። የሚያዞረው የማን እጅ ነው? የእሷ አይደለም? እንግዲያው ደቦ ገብታለች። ነገ እሷ ቤት ነው።»

ሁላቸውም ወደ እሷ ዞሩ። ከማሽኑ ላይ ቀና ሳትል፣ «ነገ? ጓሮውን ሳልጠርግ?» አለች። እሺ ማለቷ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ ደወለ። ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ መሀል ላይ ያዝኩት።

«እናቶቻችን፣ የተሻሻለውን የእንሰት ማቀነባበሪያ ቴክኖሎጂ እንዴት አገኛችሁት?»

አዛውንቷ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ስለ ምንድነው የሚያወራው?» አሉኝ።

«ስለ መፋቂያው።»

«እ፣ መፋቂያው።» ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «አልሃምዱሊላህ፣ እንፈልገዋለን። እዚሁ ይቀመጥ። ጥርሳችንም ነጥቷል።»

«የምን ጥርስ?» አለ ዳይሬክተሩ። መልስ ልስጥ ስል ሳቄ ፈነዳ። «ምን ሆነች? እያለቀሰች ነው?»

«ላልታ ነው» አሉት አዛውንቷ።

ረቡዕ ጠዋት ባልደረቦቼ ቡታጅራ ካደርንበት ቤት ቁርስ ሳይበሉ እኔ መናኸሪያው በር ላይ ነበርኩ። የጥርስ እንጨት የሚሸጡት ሰውዬ የያዝኩትን እቅፍ አይተው «እህቴ፣ ሱቅ ልትከፍቺ ነው?» አሉኝ። «ለደቦ ነው» አልኳቸው። ግራ ገባቸው፤ ግን ጥቂት እንጨት መረቁልኝ። ባጃጅ ይዤ ደቦው ወዳለበት ወደ ባለ ዱካዋ ቤት ሄድኩ። የባጃጁ ሾፌር ከአጥሩ ራቅ አድርጎ አወረደኝ፤ ወንድ ነውና ከዚያ ወዲያ እሱም አይጠጋም።

ከአጥሩ ማዶ ግርርር የሚለው ድምፅ ይሰማል፣ ሳቅም አለ። በሩ ተዘግቷል። ሌላ ቀን ቢሆን አንድ ሰው እስኪወጣ ድረስ እዚያው ቆሜ እጠብቅ ነበር።

«መፋቂያ አምጥቻለሁ» ብዬ ተጣራሁ።

እጀታው ቆመ። «የትኛውን?» አለች እሷ ከውስጥ።

«የጥርሱን» አልኳት፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጮክ ብዬ።