በእኔ ቃል ገራዶ የተሰደዱት ጎረቤቶቻችን

ነገሩ የሆነው አምና በበጋው መጨረሻ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ያንገሸግሸኛል፤ ቃል የገባሁት እኔ ነበርኩና።

የሶዶ ልጅ ነኝ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥሬ ከመጣሁ አምስት ዓመቴ። እዚህ ዘመድ የለኝም፤ ዘመዶቼ ደሴ ያሉት የጸሎት ቤታችን ሰዎች ናቸው። እሑድ እሑድ በማለዳ ሚኒባስ እወጣለሁ፤ የመዝሙር ዕቃዎቹንም የምይዘው እኔ ነኝ።

ከጸሎት ቤታችን አጥር ወዲያ ጋሽ ሰይድና ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ ይኖራሉ። እትዬ ከድጃ ልባቸውን ያማቸዋል፤ ከሆስፒታል ሲወጡ ከጩኸት እንዲርቁ ተነግሯቸዋል። ጋሽ ሰይድ መጥተው፣ "ጸልዩ፣ ዱዓ መልካም ነው። ያ ጊታር ብቻ ግድግዳውን አልፎ ደረቷን ይመታታል" አሉን።

ጊታር የሚጫወተው ወንድም ብሩክ ግን አምፕሊፋየሩ በደንብ ካልተከፈተ ጥሩ ድምፅ አይሰጥም አለ። ስለዚህ ጉልበት መቀነሻ ሳጥን አስመጣን። ሳጥኑ በአምፕሊፋየሩና በስፒከሩ መካከል ይገባል። አምፕሊፋየሩ እንደ ልቡ ይሠራል፤ ትርፉ ጉልበት ሳጥኑ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ይቀንሳል። "ስለሚግል ጨርቅ እንዳታለብሺው" ብሎ ብሩክ አስጠነቀቀኝ። ደስ ብሎኝ ሄጄ ለጋሽ ሰይድ፣ "ከእንግዲህ አይረብሻችሁም" አልኳቸው።

"አንቺ ካልሽ በቃ፣ ልጄ" አሉኝ።

በመጀመሪያው እሑድ ድምፁ በእርግጥ ዝቅ አለ። በኋላ የጨመረ ሲመስለኝ ብሩክን ጠየቅኩት። "አዳራሹ ነው የሚያስተጋባው" አለኝ። ጎረቤቶቹም ዳግም አልመጡም። ገመዱን የሚሰካው እሱ ስለሆነ አመንኩት።

አንድ እሑድ ቀድሜ ስደርስ ጋሽ ሰይድ ባለቤታቸውን ደግፈው ባጃጅ ውስጥ ያስገባሉ።

"ወዴት ነው እትዬ? እንዲህ ደክመው?"

"ገራዶ፣ እህቴ ዘንድ። እሑድ እሑድ እዚያው ነው የምውል፣ ጊታሩ እስኪያበቃ።"

"ዝም በይ አንቺ!" አሉ ጋሽ ሰይድ። ወደ እኔ ዞር አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቃልሽን ተቀብለን ደግሞ ተመልሰን ብንከስ ነውር ነው ብለን ነው። አይክፋሽ።"

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

አምልኮው እንዳለቀ በቀጥታ ወደ ሳጥኑ ሄድኩ። ብሩክ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫውቶ የሳጥኑ ብረት ቀዝቃዛ ነው። ከኋላ ሳይ የስፒከሩ ገመድ በቀጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ ተሰክቷል። ሳጥኑ ለታይታ ተቀምጧል።

"ኧረ እህቴ፣" አለ ብሩክ ሳይደነግጥ፣ "እሱ ሲገባ ጊታሩ ጉንፋን የያዘው ይመስላል! ደግሞ ማን ከሰሰ?"

"በየሳምንቱ ገራዶ እየተሰደዱ እኮ ነው! በሽተኛ ናቸው!"

"ታዲያ ከሌሉ ማንን ረበሽን?" ብሎ ሳቀ።

ለሽማግሌዎቹ ነገርኩ። በሚቀጥለው እሑድ ብሩክ ማይክ ይዞ እያለቀሰ እግዚአብሔርን ይቅርታ ጠየቀ፣ ጉባኤውንም ጠየቀ። ሰው እልል አለለት፤ አቅፎ የሳመውም ነበር። እትዬ ከድጃን ግን ይቅርታ አልጠየቀም። በራቸው ከበራችን ሃያ እርምጃ አይሞላም። ብቻዬን ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል፣ "ተይ፣ አብሽሪ" ብለው እጄን ያዙኝ።

አሁን ሳጥኑ በትክክል ገብቷል፤ እትዬ ከድጃም እሑድን ቤታቸው ይውላሉ። እኔ ግን ብሩክ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ሰበር አድርጎ መዝሙር ሲጀምር ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ይቀፈኛል።