አልፋ የወደቀችው መኪናዬ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው... የመኪናዬ ቴስት የሚያበቃው በዚያው ቀን ማታ። ቴስት ማለት በየዓመቱ የመኪና ፍሬኑ፣ መብራቱ፣ ጭሱ የሚታይበት ምርመራ ነው። እሱን ሳታሳልፍ መንገድ ላይ ከወጣህ ፖሊሱም ይይዝሃል፣ ኢንሹራንሱም አላውቅህም ይልሃል።

እኔ ደግሞ በየሻባቱ፣ በየቅዳሜው ማለት ነው፣ ባርኔአ የሚባል ሰፈር ሄጄ አንዲት አሮጊት አስታምም ነበር። ሻባት የአይሁድ የዕረፍት ቀን ስለሆነ አውቶቡስ የለም። የአሮጊቷ ልጅ ሥራውን ስትሰጠኝ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መኪና አለሽ?» በቃ። መኪና ከሌለ ሥራ የለም።

ብቻዬን ብሄድ ኖሮ ሁሉም ነገር በሰላም ያልቅ ነበር። ምን ያደርጋል... የአክስቴ ባል ጋሼ ታረቀ ሰማ። (ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ይቅርብኝ።)

ጋሼ ታረቀ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጣ ገና ዓመቱ ነው። «እዚያ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ» እያለ የሚኖሩበትን ሕንፃ በሙሉ አደንቁሮታል። አክስቴ ግን ቀስ ብላ ነግራኛለች፤ ረዳት ነበር። በእጁ ያሽከረከረው ነገር ቢኖር ጎማ ነው፣ ያውም ሲቀየር መሬት ላይ እየገፋ።

«ሴት ብቻዋን ከሄደች ያታልሏታል» አለኝ። «የመኪና ነገር ለእኔ ተይው። አንቺ ዝም ብለሽ ንጂ።»

ለአክስቴ ስል ይዤው ሄድኩ።

የምርመራ ጣቢያው የት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ መኪናዋን ከገዛኋት የመጀመሪያዬ ነው። ሚግዳል የሚባለው ሰፈር ገበያው ጋ ቆም አልኩና ሰው ልጠይቅ ስል ጋሼ ቀደመኝ። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አንዱን አትክልት ሻጭ፦ «ኤይፎ ቦሎ? ቦሎ!» ይለዋል፤ ኤይፎ በዕብራይስጥ «የት ነው» ማለት ነው።

አገር ቤት መኪና ተመርምሮ ሲያልፍ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈውን ነው ቦሎ የሚለው። ሻጩ ግራ ተጋባ። «ቡል?» አለ። ከዚያ ፊቱ በራ፣ «አ... ቡል! ባዶአር!» ብሎ በእጁ ጠቆመን።

«ጋሼ፣ ቡል ማለት እኮ የደብዳቤ ቴምብር ነው። ዶአር ደግሞ ፖስታ ቤት ነው» አልኩት።

«ታዲያ ፖስታ ቤት የመንግሥት አይደለም? አገሬው ነገረን አይደል? አንቺ ምን አባሽ ታውቂያለሽ!»

ወርዶ ሄደ። ጥዬው ልሄድ ሞተር አስነስቼ ነበር፤ የአክስቴ ፊት ድቅን አለብኝና አጠፋሁት። ፀሐዩ እየጠበሰኝ ሰልፉን ጠብቆ እስኪመጣ ቆየሁ። ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ... በእጁ ወፍ የተሳለባት ቴምብር ይዟል።

«ይኸው። መስታወቱ ላይ ለጥፊው።»

ምን ትሉታላችሁ? አንድ የታክሲ ሾፌር ጠይቄ፣ ከፋብሪካዎቹ አጠገብ ያለው ጣቢያ ስንደርስ ሊዘጉ ነው። የመጨረሻዋ መኪና እኛ ነን።

መርማሪው ድካም የያዘው ሰው ነው፣ ወሬ አያበዛም። ፍሬን አስያዘኝ፣ ጭሱን አየ፣ ከሥር ገብቶ ቀጠቀጠ። ልቤ የነበረው ግራው የፊት መብራት ላይ ነው፤ ሽቦው ላላ ብሎ አንዳንዴ ድርግም ይልብኝ ነበር። ያን ቀን ግን ቦግ አለ። እፎይ ብዬ አጠፋሁትና ወረቀቱን ልቀበል ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

ዞር ስል ጋሼ ታረቀ መሪው ላይ ተቀምጧል። ማን ተቀመጥ አለው?

መርማሪው መኪናዋ አጠገብ ቆሞ፣ እንድንሄድለት በእጁ ምልክት እያሳየ፦ «ዓቭራ!» አለ።

በዕብራይስጥ «አለፈች» ማለቱ ነው። መኪናዬ አለፈች! ጋሼ ግን የሰማው «አብራ!» የሚል ነው... አበራ።

መርማሪው አልገባውም። ጮክ ብሎ ደገመለት፦ «ዓቭራ! ዓቭራ!» ጋሼ ደግሞ ፍሬቻውን አበራ፣ የዝናብ መጥረጊያውን አስነሳ፣ የፊት መብራቱን ረጅም አደረገ፣ አጭር አደረገ፣ እንደገና ረጅም...

«ጋሼ ይተዉት! አይንኩ!» እያልኩ ስሮጥ ግራው መብራት ጭልጭል አለና ጠፋ።

«ሬጋ፣ ሬጋ» አለ መርማሪው፤ ቆይ፣ ቆይ ማለቱ ነው። ጎንበስ ብሎ አየ፣ በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ኤን ኦር» አለ። ብርሃን የለም። ወረቀቱን ከመስኮቱ መልሶ ወሰደ።

ለመንኩት። «አሁን አልፋለች ብለህ የለ! እሱ እኮ ቃሉ አማርኛ መስሎት ነው!» አልኩት በዕብራይስጥ።

«እመቤቴ፣ ያየሁትን አላየሁም ልበል? አርብ ዝግ ነን። አሠርተሽ እሑድ ነይ።»

እውነቱን ነው። ጋሼ ግን ከመኪናው ወርዶ ጭራሽ እኔ ላይ ጮኸ፦ «እሱ ራሱ አይደል እንዴ አብራ አብራ እያለ የጨቀጨቀኝ? ያውም በአማርኛ!»

ሻባት ጠዋት በእግሬ ወጣሁ። ባርኔአ ስደርስ ረፍዷል፣ ልብሴ በላብ ተጣብቋል። በሩን የከፈተችልኝ የማላውቃት ሴት ናት፣ የእኔን ሽርጥ ለብሳለች። የአሮጊቷ ልጅ ከኋላዋ ብቅ ብላ፣ «ስትዘገዪ ሌላ ሰው አመጣሁ፤ እናቴን ብቻዋን መተው አልችልም» አለችኝና ዘጋችው። መንገዱን በሙሉ እያለቀስኩ ተመለስኩ። ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ነው ያስለቀሰኝ።

ማታ አክስቴ ቤት ስገባ ጋሼ ታረቀ እንግዶች ሰብስቦ ያወራል። «መርማሪው አማርኛ ይችላል፣ ጨዋ ሰው ነው። ጥፋቱ የመኪናዋ ነው» ይላቸዋል። ሥራዬን እንዳጣሁ ነገርኩት።

«እንግዲያው ከምትቆም መኪናዋን ለእኔ ስጪኝ። አንቺ ከእንግዲህ የት ትሄጂባታለሽ?» አለኝ።

መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም እኮ።