ቅዳሴ የሄደው ሞላ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም ነው። እስካሁን ሳስበው ውርር ያደርገኛል።

አምስት ኪሎ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ጥበቃችን ጋሽ ታፈሰ ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ቀርቷቸው ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ጠመንጃቸው፣ ያ ግማሽ አውቶማቲክ የሚሉት፣ በዓመታዊው ፍተሻ ላይ አንዴ ተኩሶ ሁለተኛውን ጥይት አልጎርስም አለ። ወደ ኋላ የሄደውን ብረት የሚመልሰው ሞላ ደክሟል። «በሳምንት ውስጥ ካልተቀየረ መሣሪያው ይመለሳል» ተባለ። መሣሪያ የሌለው ጥበቃ ደግሞ ይሰናበታል። ጋሽ ታፈሰ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

መጋዘን ገብቼ የመለዋወጫውን ሣጥን ስከፍት አምስት ሞላ አገኘሁ። ስም የለ፣ ቁጥር የለ። ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው! ረጅሙንና ጠንካራውን ልሰጥ ብዬ ደግሞ ፈራሁ። በእኔ ስህተት ሰው ቢጎዳስ?

የጥገና ክፍሉ ኢንጂነር፣ «ፒያሳ ውረጂና የሚያውቅ ሰው ጠይቂ። ግን ስፕሪንግ በይ፤ ሞላ ካልሽ ይስቁብሻል» አለኝ።

አምስቱንም ከአሮጌው ጋር በምሳ ዕቃ ይዤ ወረድኩ። የማውቃቸው ሱቆች ፈርሰዋል። ስጠይቅ ስጠይቅ ራስ መኮንን ድልድይ ስደርስ እግሬም ዝሏል፣ ጾሙም ይዞኛል፤ ያ ስፕሪንግ የሚሉት ቃል ድራሹ ጠፋኝ። ጃንጥላና ቁልፍ የሚጠገንበት ጠባብ ሱቅ በር ላይ ሴትዮ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ የጠመንጃ ሞላ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ሞላን የማያውቅ ማን አለ? ቅዳሴ ሄዷል። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ይመጣል፤ ተቀመጪ።»

የአራዳ ሰው መቼም ሳይቀልድ አይውልም ብዬ፣ «ሞላም ያስቀድሳል እንዴ?» አልኩ።

«ምን ነው? ሞላ ሰው አይደለም?» ብለው ተቆጡ።

ለካ የሱቁ ባለቤት ስም ነው! አፈርኩ። ግን ደክሞኝ ስለነበር ተቀመጥኩ።

ነጠላ ያጣፉ ሽማግሌ መጡ። ሴትዮዋ «ይቺ ልጅ የጠመንጃ ሞላ እያለች ነው» ሲሏቸው ባሉበት ቆሙ።

«ማን ላከሽ?»

«ይቅርታ አባባ፣ እኔ የፈለግኩት ዕቃውን ነው…»

«ጦር ሰፈር ሞላ የምንባል ሁለት ነበርን። እሱ የወጥ ቤቱ ሞላ፣ እኔ መሣሪያ ጠጋኙ የጠመንጃው ሞላ። እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው ከጠፋ ሠላሳ ዓመት አለፈ።»

ማንም አልላከኝም! እንዴት ብዬ ላስረዳቸው?

የምሳ ዕቃውን ከፈትኩ። አሮጌውን አየት አድርገው የጠመንጃውን ዓይነት ነገሩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው እያንዳንዱን በሁለት መዳፋቸው መሃል ጫን፣ ለቀቅ አደረጉ። «ይህ ሰነፍ ነው። ይህ ደግሞ ቁጡ፤ ብረቱን ይሰብረዋል» አሉ፤ ያንን እኔ የመረጥኩትን! «ጠንካራ ሁሉ ደግ አይደለም፣ ልጄ። ሞላ ሲገፉት እሺ ማለት፣ ሲለቁት መመለስ አለበት።» የሰጡኝ ልጥለው የነበረውን አጭሩን ነው። «ባለሙያ ሳያየው እንዳይተኮስ» ብለው አስጠነቀቁኝ።

ባለሙያው አይቶ ገጠመው። በድጋሚ ፍተሻው ጠመንጃው አንዴም ሳይነክስ ጥይቱን እያከታተለ ተኮሰ። ጋሽ ታፈሰ እጄን ይዘው ማን እንደመረጠው ጠየቁኝ።

«የጠመንጃው ሞላ የሚባሉ ሰው።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «የትኛው? የጦር ሰፈራችን ሞላ? ኧረ እኔ ተዝካሩን በልቻለሁ!»

በማግስቱ ይዣቸው ወረድኩ። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ተዝካሩ ሲነገራቸው ጋሽ ሞላ፣ «ጠላው እንዴት ነበር?» አሉ።

«ቀጥኖ ነበር» አሉ ጋሽ ታፈሰ፣ እንባቸው እየወረደ።

ስፕሪንግ ብዬ ቢሆን ኖሮ እማማ «የለም» ብለው ይሸኙኝ ነበር። እግዜር ሲያገናኝ በምን እንደሚያገናኝ አይታወቅም። ኢንጂነሩ ዛሬም ያርመኛል። እኔ ግን ሞላ ነው የምለው።