የፍሰሃጽዮን ጣሊያንነት

ፍሰሃጽዮን ተክላይ የውሃ ጉድጓድ ላይ ፓምፕ የሚያስነሳ ሰውዬ ነው፤ ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት ግን ጣሊያን ነኝ ይላል።

ለነገሩ አያቱ የእውነት ጣሊያን ነበሩ፤ ጁሴፔ የሚባሉ የወፍጮ መካኒክ። ጦሩ ተሸንፎ ሲሄድ እሳቸው ገጠር ቀሩና የገበሬ ልጅ ወደዱ። የልጅቷ አባት በእኛ ሃይማኖት ያልተጠመቀ አማች አልፈልግም ሲሉ ተጠመቁ፤ ገብረሃንስ ተባሉ። ቀጥለውም መሬት ለመያዝ ብለው ዜግነት ጠይቀው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። ከዚያ ተክላይ ተወለደ፤ ከተክላይ ደግሞ ይሄ ጉደኛ።

ለጉደኛው ከአያቱ የደረሰው አፍንጫ ብቻ ነው፤ እሱንም እንደ ቅርስ ያስጎበኘዋል። ደመና ቢሆንም ባርኔጣ አያወልቅም፤ ቆዳዬ የእናንተን ፀሐይ አልለመደም ይላል፤ አምሳ ዓመት እዚሁ ፀሐይ ላይ ተገትሮ እንዳላረጀ። ሚስቱ ሉላ ፓስታ በእንጀራ ካቀረበች ፊቱን ያዞራል። ታክሲ ውስጥ ትንሽ ከተገፋማ፣ በቃ፣ "እናንተ አበሾች" ነው።

ታዲያ ጣሊያን ለልጅ ልጆቿ ፓስፖርት ትሰጣለች የሚል ወሬ የሰማ ቀን ለየለት። የቀበሌ መታወቂያውን ማሳደስ እንኳ ተወ፤ ለሮም ሰው ምን ያደርግለታል? አዲስ አበባ ያለው ጉዳይ አስፈጻሚው ወንድሜነህ የአያትህ የልደት ወረቀት ከጣሊያን መጥቶልናል፣ ታገስ አለው። መታገስ የት ያውቅና። ማስረጃ ላጠናክር ብሎ አያቱ ወደኖሩበት ወረዳ ወረደ።

የወረዳው መዝገብ በቅርቡ ጦርነት ጊዜ ግማሹ አመድ ሆኗል፣ የተረፈው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ታጭቋል። ሠራተኛው አዝኖለት፣ "ኣያ፣ ይተዉት፤ ጠፍቷል ብለን እንጻፍልዎ" አለው። እምቢ ብሎ ተንበርክኮ ከረጢት በረበረ፤ ሲያስነጥስ ሲያስነጥስ አገኘው፤ የአያቱ የዜግነት ወረቀት፣ ከነማህተሙ። ጣሊያናዊ የነበረው ጁሴፔ የኢትዮጵያ ዜጋ ሆኗል ይላል። ፍሰሃጽዮን ያነበበው "ጣሊያናዊ" የምትለዋን ብቻ ነው።

ሉላ ግን እስከ መጨረሻው አነበበችው።

"ኢትዮጵያዊ ሆነ ነው እኮ የሚለው።"

"አንቺ ሴትዮ፣ አበሻ አበሻ ልሁን ብሎ ያመለክታል?" ብሎ ሳቀባት።

በላስቲክ ጠቅልሎ አዲስ አበባ በአውሮፕላን በረረ፤ ለወንድሜነህ እንኳ ሳያሳይ ከማመልከቻው ጋር አያይዞ ጣሊያን ኤምባሲ በኩራት አስገባው። ተመልሶ ሻንጣ ሲመርጥ ከረመ፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ቻው ቻው ሲል ከረመ።

አንድ ቀን ፓምፑ አጠገብ ቆሞ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ወንድሜነህ ነው።

"ማን ስጥ አለህ?" አለው። "አያትህ ጣሊያንነታቸውን የተዉት አባትህ ሳይወለድ ነው። አባትህ የተወለደው ከኢትዮጵያዊ ነው ማለት ነው። ያንን ወረቀት ባታመጣው ማንም አይጠይቅህም ነበር፤ አሁን አበቃ።"

የስንቱ ምስኪን ሰነድ ሲቃጠል የእሱ አልተቃጠለ፤ እሳት የማረውን ወረቀት ራሱ ቆፍሮ፣ ራሱ ጠቅልሎ፣ የአውሮፕላን ከፍሎ ወስዶ አስረከበላቸው።

ማታ ሉላ ፓስታውን በእንጀራ አቀረበች። በላ፤ በእጁ።

በሳምንቱ ጊዜው ያለፈበትን መታወቂያ ሊያሳድስ ቀበሌ ሄደ። ሰልፉ ላይ ያሉት እነዚያው የሚንቃቸው ጎረቤቶቹ ናቸው። ለፎቶ ባርኔጣህን አውልቅ ተባለ፤ አወለቀ፤ ግንባሩም እንደ ሰው ሁሉ ፀሐዩን ቻለው። ቅጹን የምትሞላው ኣሪያም የሰፈሩ ልጅ ናት፤ ስሙን ሳትጠይቅ ጻፈችና ብዕሯን አንስታ ዜግነት አለች።

ፍሰሃጽዮን ወደ ኋላ አየ፤ ከዚያ በጉሮሮው አንድ ነገር አጉረመረመ።

"ኣያ ፍሰሃ፣ አልሰማሁም" አለች ልጅቷ፤ "እስቲ ትንሽ ከፍ ያድርጉት።"

ከኋላው የተሰለፉት አበሾች ወሬያቸውን አቋርጠው፣ አንገታቸውን አስግገው ጠበቁት።