ሦስተኛዋ ጆግ

ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ ጂንካ

ደረጀ በሩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ክላክስ አደረገ፤ ሰፈሩን እንዳይቀሰቅስ። አንዲት ሻንጣና በፌስታል የጠቀለልኩትን ባዶ የዘይት ጣሳ ይዤ ወጣሁ። ላንድክሩዘሩ በጄሪካን፣ በድንኳንና በፍራሽ ተሞልቷል። ነገ ከነገ ወዲያ ከአርባ ምንጭ ለሚመጡ ቱሪስቶች ኮልቾ የምትባል መንደር ላይ ካምፕ ሊተክል ነው። እኔን የጫነኝ በልመና ነው።

"እትዬ አስካለ፣ እሱንም ይዘው ነው የሚሄዱት?" አለኝ ጣሳውን እያየ።

"እሱን ላደርስ አይደል የምሄደው!"

ጣሳው የባለቤቴ የታደሰ ነው። ታደሰ ካምፕ ለሚያድሩ ቱሪስቶች ያበስል ነበር። ደረጀ እየነዳ፣ እሱ እያበሰለ፣ ደቡብ ኦሞ ላይ ያልረገጡት ጥግ የለም። የጣሳው ታች በምስማር ተበሳስቷል። ዛፍ ላይ ሰቅለው ውሃ ሲጨምሩበት ሻወር ይሆናል። ታደሰ ካረፈ ስምንት ወሩ ነው። ጣሳው ግን መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ እንደተሰቀለ ቀርቶ፣ ባየሁት ቁጥር ይወቅሰኛል። ለምን እንደሚወቅሰኝ በኋላ እናገራለሁ። ኮልቾ ላይ ሳጎ የምትባል ሴት እንዳለች፣ ለካምፑ ውሃ የምትቀዳውም እሷ እንደሆነች ታደሰ ነግሮኝ ነበር። ለእሷ ሰጥቼው እፎይ ልል ነው።

እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የውሃ ዑደትን ሰሌዳ ላይ ስስል ኖሬ፣ ከቀይ አፈር ከተማ ወዲያ አልፌ አላውቅም።

3 ሰዓት፤ ቀይ አፈር

የሐሙስ ገበያ ነው። በቅል የተሞላ ማር፣ ቀይ አፈር የተቀባ ጸጉር፣ በርኮታ የሚሏትን ትንሽ የእንጨት መቀመጫ በእጃቸው አንጠልጥለው የሚዞሩ የበና ጎልማሶች። መኪናችን በፍየል ተከቦ ቆመ። ደረጀ ሙዝ ገዝቶ ሲመለስ እንደ መሳቅ አለ።

"ጋሽ ታደሰ እዚህ ሲደርስ ሌላው ሽንኩርትና ድንች ሲያይ እሱ ጄሪካኖቹን አንድ በአንድ ይነካካ ነበር። 'እንጀራ ቢያልቅ ቂጣ ይጋገራል፤ ውሃ ቢያልቅ ምን ይጋገራል?' ይለን ነበር።"

ይቺን አባባል እኔም አውቃታለሁ። በሰማኋት ቁጥር ነው የምሰለቻት። አሁን ግን ደረጀን ድገመው አልኩት።

10 ሰዓት፤ ቱርሚ

ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው። ድንኳናችንን ደረቁ ወንዝ ዳር፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ተከልን። የወንዙ አሸዋ ላይ ሁለት የሐመር ሴቶች ጉድጓድ ምሰው፣ ውሃው እስኪጠራቀም ይጠብቃሉ። በቅል ይጨልፋሉ፤ ደግሞ ይጠብቃሉ።

አቧራዬን ልታጠብ ብዬ ተነሳሁ። ደረጀ ጣሳውን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለ፣ ሸራ ከለለልኝ፣ ከሥሩ ሳፋ አስቀመጠ። ሦስት ጆግ ውሃ ቀድቶም አጠገቡ ደረደረ።

"ሕጉ የጋሽ ታደሰ ነው" አለኝ። "በመጀመሪያዋ ጆግ ይርጠቡ። ውሃው ሲያልቅ ሳሙናዎን ይምቱ። በሁለተኛዋ ይለቅለቁ። ሳፋው ውስጥ ይቁሙ፤ የወረደው እግርዎንና ካልሲዎን ያጥባል።"

"ሦስተኛዋስ?"

"ሦስተኛዋ ለነፍስ ናት። እንዲሁ ደስ እንዲልዎት።"

ቸኮልኩና የመጀመሪያዋን ጸጉሬ ላይ ጨረስኳት። ሁለተኛዋ ግማሽ አረፋ ጥላብኝ ሄደች። ዓይኔን ጨፍኜ ሦስተኛዋን በእጄ ስፈልግ ደረጀ ከመኪናው ማዶ "ደህና ነዎት?" ይላል። የሃያ ዓመት መምህርት አንድ ፈተና ወደቀች።

ታደሰ እቤታችንም እንዲሁ ነበር። በርሜላችን ሞልቶ እያለ፣ እሱ ጣሳውን ሰቅሎ በሁለት ጆግ ታጥቦ ይወጣል። "ቋጣሪ! ኦሞን ልታተርፍ ነው?" እለዋለሁ። ይስቃል።

የታመመ ጊዜ የጂንካ ውሃ ከጠፋ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። በርሜላችን ውስጥ ግን ገና ብዙ ውሃ ነበር። አንድ ቀን ወደ ማታ ላይ ጠራኝና "አስካለ፣ ዛሬ ጣሳውን ተይውና በባልዲ አፍስሺብኝ። እስኪበቃኝ" አለኝ። ቀኑን ሙሉ ጠያቂ ሲገባ ሲወጣ ውሏል፤ ደክሞኛል። ደግሞ ለውሃው ሳሳሁ። እውነቱ ይሄ ነው፣ ሳሳሁ።

"ነገ፣ ውሃው ሲመጣ" አልኩት።

"እሺ፣ ነገ" አለኝ።

በነጋታው ጠዋት አረፈ። በርሜሉም ተከፈተ። ሰዎች በባልዲ በባልዲ እየቀዱ ሬሳውን አጠቡት፤ በርሜሉ እስኪያልቅ ማንም አልቆጠበም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ውሃው ሲንቧቧ እሰማ ነበር። አሁንም እሰማዋለሁ።

አርብ፣ 5 ሰዓት፤ ኮልቾ

ከቱርሚ ወዲህ መንገዱ አቧራና እሾህ ነው። ከዚያ ምድር በድንገት ታበቃለች። የካሮ ብሔረሰብ መንደር ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሥሯ ኦሞ ቡናማ ሆኖ፣ ሰፍቶ፣ ተጠማዝዞ ይሄዳል።

"ታደሰ ይሄን ሁሉ ውሃ እያየ ነው በጆግ ይሰፍር የነበረው?" አልኩ። ንዴቴ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

"እትዬ፣ ወንዙ እዚያ ታች ነው። ውሃው ግን ይኸው፣ በዚህ በኩል ይመልከቱ" አለኝ ደረጀ።

ከወንዙ በምታወጣው ቀጭን መንገድ አንዲት ሴት ጄሪካን በጀርባዋ አዝላ ትወጣለች። ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች። አናቱ ላይ ስትደርስ ደረጀን አይታ ፈገግ አለችና ከኋላው የሆነ ሰው ፈለገች።

"ታደሰ?" አለች።

"ታደሰ ሞቷል፣ ሳጎ። እሷ ሚስቱ ናት።"

ሳጎ ጄሪካኑን አውርዳ እላዩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ጣሳውን ከፌስታሉ አውጥቼ ጭኗ ላይ አኖርኩት። ቀዳዳዎቹን በጣቷ እየዳበሰች፣ ከካምፕ ሠራተኞች በለመደችው አማርኛ ታወራኝ ጀመር።

"መጀመሪያ ታደሰ ጥሩ አይደለም። ፈረንጅ ታጠበ፣ ታጠበ፣ ጄሪካን አለቀ። ታደሰ 'ሌላ አምጪ' አለ። ወረድኩ፣ ወጣሁ። እንደገና 'ሌላ' አለ። ሆዴ ውስጥ ልጅ አለ።" በእጇ ሆዷን ከበበችው። "ሦስተኛ ጊዜ አብሮ ወረደ። ራሱ ተሸከመ። መንገድ መሃል ተቀመጠ። አለቀሰ።"

"ምስማሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለ ደረጀ ቀስ ብሎ። "በማግስቱ ይሄን ጣሳ ሲበሳ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።"

ለእኔም አልነገረኝም። ያን ሁሉ ዓመት ቋጣሪ ስለው ይስቅ ነበር።

"ልጁስ?" አልኳት ፈርቼ።

"ልጅ ደህና ነው። ከብት ጋ ነው።" ጣሳውን ወደ ሰማይ አንስታ በቀዳዳዎቹ አየች። "ካምፕ ሲያልቅ ሁሉም ይታጠባል፣ ታደሰ አይታጠብም። የእሱን ውሃ ለእኔ ይሰጣል። 'አንተ ታጠብ' አልኩት። 'ቤት በርሜል አለ' አለ። 'ሚስቴ ውሃ ሞልታ ትጠብቃለች። እኔ ቤት እታጠባለሁ' አለ። ሁልጊዜ እንደዚህ አለ።"

ደረጀ ወደ ወንዙ ዞረ። እኔ መሬቱን አየሁ። ሳጎ ግን ከእኔ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም፤ የምትጠይቀኝን ከልቧ ማወቅ ፈልጋለች።

"ቤት ታጠበ?"

ይህን ጥያቄ ስምንት ወር ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም።

"ታጠበ" አልኳት።

"በብዙ ውሃ?"

"በብዙ ውሃ። በርሜሉ እስኪያልቅ።"

"ጥሩ" አለች ሳጎ። ደስ አላት። ጣሳውን ብብቷ ሥር ከታ ተነሳች፣ ጄሪካኑን አዘለችና ወደ ቤቷ ሄደች።