ሁለተኛው ጉርሻ

ልጅ ሳለሁ እንደ እናቴ ሻንጣ የምፈራው ነገር አልነበረም። አባዬ እኔን ይዞ ቀድሞ ሜልቦርን ሲመጣ፣ እሷ እናቷን ለማስታመም ደሴ ቀረች። ዋትሳፕ በሌለበት በዚያ ዘመን በስልክ ካርድ ብቻ ሳውቃት ኖሬ፣ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ መጣች። መጣች እንጂ ሻንጣዋን አልፈታችም፤ እንደተቆለፈ በሩ አጠገብ ቆመ። በአማርኛ ትጠይቀኛለች፣ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ። አንድ ቀን ለአባዬ፣ "ልጅቷ እንደሆነ አልለመደችኝም። እዚህ ምን እሠራለሁ? እመለሳለሁ!" ስትል በግድግዳው በኩል ሰማኋት። እንድትሄድብኝ አልፈልግማ!

አባዬ ከከተማው ዳር፣ ላቨርተን ኖርዝ፣ መጋዘን ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ የሁሉ ነገር መድኃኒት ምግብ ይመስለዋል። ቅዳሜ ሺፍቱን አስቀየረና ከተማ መሃል ወዳለች የማሌዥያ ምግብ ቤት በባቡር ወሰደን። ሐላል ናት፣ ርካሽ ናት፤ የፕላስቲክ ወንበሯ ብቻ ይቆነጥጣል። ዶሮውና የተጠበሰው ሩዝ ሲመጣ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ጠረጴዛውን ሞላው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምራቄን እውጥ ነበር፤ ያን ቀን ግን የእናቴን ፊት ብቻ አያለሁ።

እናቴ ሹካውን ወዲያ ገፋ አድርጋ፣ ቢስሚላህ ብላ፣ ዶሮውን በጣቷ ቦጨቀች። ከጎኑ የቀረበው ቀይ ማባያ የኛ አዋዜ መስሏት፣ ዶሮውንና ሩዙን ደህና አድርጋ ለወሰችበት። እንጀራ የሌለው ሩዝ በጣቶቿ መሃል እየፈሰሰ፣ እንደምንም ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣችው። "እንቺ፣ በሞቴ።"

ጎረስኩ። ወላሂ ጎረስኩ! ግን አቃጠለኝ፣ ትን አለኝ፣ ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ተፋሁት። ከሳሉ የተነሳ አንዲት ቃል መናገር አቃተኝ። እናቴ ጣቶቿን ቀስ ብላ በሶፍት ጠረገች።

"በቃ፣ አየኸው አይደል?" አለችው አባዬን። ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች።

"ኧረ ቁጭ በይ! አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል አልሰማሽም?"

"ሁለተኛማ አልዋረድም።"

ሻንጣው ዓይኔ ላይ መጣ። እያሳለኝ፣ እያለቀስኩ፣ ከዚያው ከለወሰችው ሩዝ በእጄ ዘገንኩና ዘረጋሁላት። "እማ... ሁለተኛው!" ሩዙ ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል። አፏን አልከፈተችም። ሰው ሁሉ ያየናል።

ከዚያ በሁለት እጇ እጄን ይዛ ጎረሰች። አላመጠች። ዓይኗ ፈጠጠ።

"ውይ በሞትኩት! ይሄ እሳት ነው እኮ! ልጄን ልገላት ነበር!" ብላ እቅፍ አደረገችኝ፤ ስንላቀስ አባዬ ውሃ ፍለጋ ይሮጣል። በማግስቱ ሻንጣዋን ፈታች።

ያች ምግብ ቤት ዛሬ የለችም። አባዬም የለም፣ አላህ ይማረው። እማ ግን ልጆቼን ታጎርሳለች፣ ማባያውን ራሷ ቀድማ ቀምሳ። ሻንጣዋ የነሱ መጫወቻ ማጠራቀሚያ ሆኗል። አንዳንዴ በኮሪደሩ ሲጎትቱት የጎማው ድምፅ ያስደነግጠኛል፤ ይኸው እስከ ዛሬ።

"እማ?" እላለሁ።

"አለሁ" ትለኛለች ከኩሽና።