ከባሕር ዳር ቆላ ድባ፦ አየር ላይ የማይጠፋ ሞተር ፍለጋ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፤ ባሕር ዳር

መናኸሪያ የደረስሁት ገና ሳይነጋ ነው። ሦስት ሚኒባሶች "ወረታ! ወረታ!" እያሉ ይጣራሉ፤ ሦስቱም ባዶ ናቸው። ረዳቶቹ ቦርሳዬን በየአቅጣጫው ይጎትቱታል። "ልቀቁ! የሚሰበር ነገር አለበት" ብዬ ጮህሁ። የሚሰበር ነገር እንኳ የለበትም፤ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ የሙቀት መለኪያ፣ አንድ ጋቢና ትንሽ ቆሎ ነው። እንዲህ ካላልሁ ግን ጣራ ላይ ይወረውሩታል።

የምሄደው ሞተር ልገዛ ነው። የመኪና ሞተር አይደለም፤ በሪሞት የሚበር ትንሽ ጄት አለን፣ የእሱ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር አይሞላም፤ ሞተሩ ግን የምር ተርባይን ነው። ርዝመቱ ከክንዴ አይበልጥም፣ ነጭ ጋዝ ይጠጣል፣ ሲነሣ እንደ ትልቁ አውሮፕላን ያፏጫል። እኔ በአንድ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ክፍል ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ጄቱን የሠራሁት ወረታ ላይ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጠው ባልንጀራዬ ከሰኢድ ጋር ነው። የሚያበርረው እሱ ነው፤ የሞተሩ ነገር የእኔ ነው።

የመጀመሪያው ጄታችን ባለፈው ዓመት ወደቀ። የምናበርረው ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ የግጦሽ መስክ ላይ ነው። ሞተሩ አየር ላይ ጠፋና ጄቱ ቁልቁል መጥቶ ከአንዲት ላም አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ መሬት ውስጥ ተሰካ። ላሟ አልተነካችም። የላሟ ባለቤት የሆኑት የመስኩ ሽማግሌ አያ ደረሰ ግን በሰው ሁሉ ፊት እንዲህ አሉን፦ "አንድ ጊዜ ይሁን፤ ያጋጥማል። ሁለተኛ ከወደቀ ግን እዚህ መስክ ላይ ዓይናችሁን እንዳላየው።" ሌላ መስክ የለንም። ከዚያ ወዲያ ያለው ማሳ ነው፣ ወይ ዳገት፣ ወይ ውሃ። ሁለተኛው ጄት ተሠርቶ አልቆ አልጋዬ ሥር ተኝቷል፤ የጎደለው ሞተር ብቻ ነው። ለቅዳሜ ለአያ ደረሰ ቀጠሮ ሰጥተናል።

ሰኢድ የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ያን ዕለት ሞተሩ ሲነሣ ሙቀቱ ከልክ በላይ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። "አጥፋው" ማለት ነበረብኝ። ግን ሰዉ ተሰብስቧል፣ የፋብሪካ ባልደረቦቼ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል፣ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ጠብቀዋል። ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልሁ። ይኸው እስካሁንም ዝም ብያለሁ።

ሚኒባሷ ከሞላች በኋላ የዓባይን ድልድይ ተሻገርን። ሾፌሩ ስለ ሞተሩ ለጎኔ ተሳፋሪ ስነግረው ሰምቶ ኖሮ በመስታወት አየኝ።

"እናት፣ ሞተር ነው የምትፈልጊው? የዚችን ውሰጂያታ! ጩኸቷ እንደሆን ከጄት አይተናነስም።"

"ሲጮህ ሳይሆን ሲሠራ የሚውል ነው የምፈልገው።"

"እሱንስ እኔም እየፈለግሁ ነው" አለና ሳቀ። ሐሙሲት ላይ ውሃ ሊጨምርላት ወርዶ ሩብ ሰዓት አቆመን።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፤ ወረታ

ሰኢድ ፉል አዝዞ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ትኩስ ዳቦ፣ ቃሪያ፣ ከላዩ ዘይት ፈሰስ ያለበት። ሳልበላ ሥራ አላወራም፤ እሱም ያውቃል። ከበላን በኋላ ወደ አጎቱ ልጅ ወደ ከማል ሱቅ ወሰደኝ። ከፊት ለፊት የፎገራ ሩዝ በጆንያ ተደርድሯል፤ ከጓሮ በኩል ሞተሩ በካርቶኑ ተቀምጧል።

እውነት ለመናገር ያምራል። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንድ ጭረት የለበትም። ከማል ከዱባይ ያመጣው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ፕላስቲኩ ገና እንደተጠቀለለ ነው።

"አንድ ቀን አልተነካም!" አለ ከማል፣ እንደ ልጁ እያየው።

"ይነሣና ልየው።"

"ኧረ እቴ! ፕላስቲኩ ከተቀደደ በኋላ ማን አዲስ ነው ይለኛል?"

ዘወር ስል ያስቀመጠኝ ሶፋም ፕላስቲኩ አልወለቀም። ቤታችን ሁሉ እንዲህ ነው፤ የእኔም ፍሪጅ በር ላይ ያለው ላስቲክ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ስለዚህ አልፈረድሁበትም። ሞተር ግን ፍሪጅ አይደለም። በደቂቃ መቶ ሺህ ጊዜ የሚሽከረከር ነገር፣ አምስት ዓመት ሙሉ ሩዝ መጋዘን ውስጥ ቆሞ፣ ኩሽኔታው ደርቆ ይሁን ዝጎ ማን ያውቃል? የነዳጅ ቱቦውስ?

"አሥራ አራት ኪሎ ይገፋል እኮ" አለ ከማል ካርቶኑን እያሳየኝ።

"ካርቶኑ የሚያወራው ዝቅ ባለ የባሕር ጠረፍ ላይ ስላለ አየር ነው። እኛ ጋ ደጋ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ከተጻፈው ጥሩ አድርጎ ይቀንሳል። ለነገሩ ጉልበት አይደለም የቸገረኝ። ሲበላሽ የት ይጠገናል? ኩሽኔታው ከየት ይመጣል?"

"አዲስ ነው፣ ለምን ይበላሻል?"

ሰኢድ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ውጭ ስንወጣ "እቴ፣ ዘመድ ነው። እምቢ ብዬ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? እናቴስ ምን ትለኛለች?" አለኝ።

"እናትህ ታበርረዋለች?"

አኮረፈ። ያም ሆኖ ፒካፕ መኪናውን አስነሣ። ቆላ ድባ ለሽያጭ ያለውን ሁለተኛውን ሞተር ሳናይ እንደማልወስን ያውቃል።

ከቀኑ 6 ሰዓት፤ ቆላ ድባ

ከአዲስ ዘመን ከተማ በኋላ መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ሰኢድ ኩርፊያውን በማርሽ ይወጣል። አዘዞ ላይ ወደ ግራ ታጠፍንና ወደ ደንቢያ ሜዳ ወረድን። የዘመን መለወጫ ካለፈ ቆይቷል፤ እህሉ ታጭዷል፣ ክምሩ በየማሳው ቆሟል። ቆላ ድባ የእህል ተራው ደርቷል። ሽምብራ፣ ማሽላ፣ ነጭ ሽንኩርት በየጆንያው፤ አቧራው ጉሮሮ ይዘጋል። ሽሮ በላን። አሳላፊዋ የሁለታችንን ፊት አይታ "ምነው፣ ለቅሶ ናችሁ?" አለችን።

ጋሽ ተስፉ ከገበያው ጀርባ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የአውሮፕላን ሞተር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ትንንሽ ጄቶችን ለራሳቸው ያበርሩ ነበር፤ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰማይ ላይ ያለ ነገር አይታያቸውም፤ ስለዚህ ይሸጣሉ። ስንገባ እኛ እንጠይቃቸዋለን ስንል እሳቸው ይጠይቁን ጀመር።

"የፊተኛው ለምን ወደቀ?"

"ሞተሩ ጠፋ" አለ ሰኢድ።

"ለምን ጠፋ?"

ሰኢድ ወደ እኔ ዞረ። "እሱን አላወቅነውም፣ ጋሽዬ" አልኋቸው። እሳቸውም ከዚያ በላይ አልጠየቁም።

ሞተሩ አሮጌ ነው። ግራጫ፣ ሆዱ ላይ ትንሽ ሥርጉድ ያለበት፣ የጭስ መውጫው በሙቀት ሰማያዊ የሆነ። ዘጠኝ ኪሎ ይገፋል፤ ለእኛ ጄት ይበቃል፣ አይተርፍም። ጎረቤታቸው "አውድማዬ ለጥ ያለ ነው፣ ተለቅልቋል፣ እዚያ ሞክሩት" ሲላቸው ጋሽ ተስፉ ተቆጡ።

"ገለባ ሊበላልህ! ይኸ እኮ የሚተነፍሰው በአፉ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይስባል።"

ግቢያቸው ውስጥ ውሃ አስረጩ፣ ሸራ አስነጠፉ፣ ሞተሩን ጠረጴዛ ላይ በብሎን አሰሩት፣ በጠረጴዛው እግር ላይ ሁለት ጆንያ ሽምብራ ጫኑበት። እርጥብ ኬሻና የእሳት ማጥፊያ አጠገባቸው አኖሩ። አፉን ወደ ነፋሱ አዞሩት። ነጩን ጋዝ በነጠላ አጠለሉ፣ ዘይቱን በመርፌ ለክተው ጨመሩ። ከዚያ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው እየዳሰሱ "ዓይንሽ ይሻላል፤ የአየር አረፋ ካለ ንገሪኝ፤ ሞተር የሚያጠፋው እሱ ነው" አሉኝ። አልነበረም።

ማስነሻ ሞተሪኖው አዞረው፣ እፍ ብሎ ተቀጣጠለ፣ ፉጨቱ ወጣ። ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ሙቀቱን አየሁ፤ ወጣ፣ ቆመ፣ ወረደ። ጋሽ ተስፉ ነዳጁን በድንገት ሰጡት፣ በድንገት ነሡት፣ ደግመው ሰጡት፤ አሥር ጊዜ ያህል። አንድም ጊዜ አልተንተባተበም። አጠፉትና ገና ትኩስ ሳለ እንደገና አስነሡት።

"ቀዝቅዞ ሲነሣ ማንም ይነሣል" አሉ። "ትኩስ ሆኖ ሲነሣ ነው ጤናው የሚታወቀው።"

ከዚያ ደብተሩን አመጡ። ሞተሩ የተነሣበት እያንዳንዱ ቀን ተጽፏል፤ ሙቀቱ፣ ስንት ደቂቃ እንደሠራ፣ ኩሽኔታው መቼ እንደተለወጠ። ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ ለሦስተኛው የሚሆን ገና ያልተከፈተ አብሮ ይሰጣል። አሁን የሚለውጠውም ጎንደር ያለ ተማሪያቸው ነው። እያገላበጥሁ ሳለ መሐል ላይ አንድ መስመር አገኘሁ፦ "አየር ላይ ጠፋ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቱቦው ውስጥ አረፋ አይቼ፣ እንግዶች ስለነበሩ ዝም አልሁ።"

ቀና ስል ጋሽ ተስፉ እያዩኝ ነው። ዓይናቸው ምን ያህል እንደሚያይ እንጃ።

"ይኸን የሚያነብ ገዢ ይሸሻል፤ አይፈሩም?" አልኋቸው።

"ቢሸሽ ይሽሽ። ሳይነገረው ገዝቶ ሰው ላይ ከሚጥልብኝ ይሻለኛል።"

"ይኸንን ነው የምንወስደው" አልሁ፣ ሰኢድን ሳላማክር።

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል፤ መመለሻ

ሞተሩን በጋቢዬ ጠቅልዬ እግሬ መሐል አኖርሁት። ማክሰኚትን አለፍን። ከዚያ የደበቅሁት ነገር ከበደኝ።

"ሰኢድ፣ አቁመው።"

"ምን ሆንሽ? አመመሽ?"

"አቁመው ብያለሁ!"

ዳር ይዞ አቆመ። ነገርሁት። ሙቀቱ እንደወጣ፣ እንዳየሁት፣ ስለ ሰዉ ብዬ ዝም እንዳልሁ፣ የሁለት ዓመት ድካሙን በእኔ አፍ መዘጋት እንዳጣው። ሲጮህብኝ ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር።

መሪውን ይዞ ፊት ለፊት አየ። "አይቼ ነበር" አለ።

"ምኑን?"

"ሙቀቱን። ሪሞቱም ላይ ይታያል እኮ፣ እቴ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልህ?"

"አንቺ ዝም ስትዪ ጊዜ! የሞተር ሰው አንቺ ነሽ፤ ከአንቺ አልፎ መናገር ነውር መሰለኝ።"

ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁበት ነገር! በእሱ ልናደድ በራሴ ልናደድ ግራ ገባኝ፤ ለሁለታችንም የሚበቃ ስድብ ሰደብሁ። እሱ ሳቀ፤ ዓይኑን ግን በእጁ ጀርባ ጠረገ። እዚያው ተስማማን፤ ማንም ይየው፣ ያየ ሰው ይጮኻል፣ የጮኸውንም ማንም አይጠይቀውም።

ወረታ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። ሰኢድ ሱቁ በር ላይ ወርዶ ለከማል ራሱ ነገረው፤ እኔን አላስገባኝም። ሲመለስ ፊቱ ቀልቷል። "ቅር ብሎታል" አለ። "ብሎትም አልሞትሁም።"

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፤ የጢስ ዓባይ መንገድ

ዓርብን ሞተሩን ጄቱ ላይ ስናስር ዋልን። ቅዳሜ ጠዋት መስኩ ላይ ስንደርስ ሰዉ ቀድሞናል። የፋብሪካ ሰዎች ቤተሰባቸውን ይዘው፣ የሰፈሩ ገበሬዎች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ አያ ደረሰ ዱላቸውን ተደግፈው።

ቱቦውን ዳሰስሁ። ጄቱን ወደ ነፋሱ አዞርን። ሰኢድ አስነሣው፤ ፉጨቱ ወጣ፤ ሰዉ "ኧረ!" አለ። ሙቀቱ ወጣ። መቆም ካለበት ላይ አልቆመም፤ ነፋሱ ዞሮ ከኋላ መታውና ትኩሱን ጭስ መለሰበት።

ሰዉን አየሁት፤ ሁሉም ዓይኑ እኛ ላይ ነው። አፌን ስከፍት የሰኢድም አብሮ ተከፈተ፤ "አጥፋው!" አልን ሁለታችንም፣ እኔ ለእሱ፣ እሱ ለራሱ። ፉጨቱ ወረደና ጸጥ አለ። ሞተሩን ለብ እስኪል አቀዘቀዝነው። ነፋሱ ግን አላረፈም፤ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እየመጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጫወትብን ቆየና ዕቃችንን መሰብሰብ ጀመርን። ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ ባልደረባዬ "ለዚህ ነው ከአልጋዬ ያስነሣሽኝ?" አለኝ። አፈርሁ፤ ዕቃ መሰብሰቤን ግን አላቆምሁም።

አያ ደረሰ ቀስ ብለው መጡ።

"ምነው አጠፋችሁት? ደኅና ይጮህ አልነበር?"

"ሙቀቱ ደስ አላለኝም፣ አያ።"

"ያን ጊዜስ፣ የወደቀ ለት፣ ታይቶሽ ነበር?"

ሰኢድ እጁ ካቻቢቴው ላይ ቀረ። "ታይቶኝ ነበር" አልኋቸው። "ሰዉን አፍሬ ነው ዝም ያልሁት።"

"እኛን አፍረሽ?"

"እናንተን።"

ዞረው መስኩ ላይ ያሉትን ላሞች አዩ። መስኩ አበቃለት ብዬ ተስፋ ቆረጥሁ። ከዚያ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና "ለሚመጣው ቅዳሜ ኑ" አሉ። "ካላማረሽ አሁንም አጥፊው። እኛ እንደሆን ሰንበት ነው፤ ሥራ የለንም።"